ስለ ጠማማ መስተዋት

ሰው ፊቱን የሚያየው በመስተዋት ነው፤ ሥራውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው በሌላ ሰው ዓይን ነው። መስተዋቱ የቀና ሲሆን ጉድፍን ያሳያል፤ ባለቤቱም አይቶ ይታጠባል። ጠማማ የሆነ እንደ ሆነ ግን መልካሙን ፊት አስቀያሚ፥ አስቀያሚውንም መልካም አስመስሎ ያሳያል። ታዲያ ሥራው በጠማማ መስተዋት የታየበት ሰው ምን ሊያደርግ ይገባዋል? መስተዋቱን ይስበር? ወይስ ከመስተዋቱ ጋራ እንዲስማማ ፊቱን ያጣም? ወይስ ከሁለቱ የተሻለ ሌላ መንገድ አለ? ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ከእናንተ ጋራ ለመመርመር በምሳሌነት የመረጥኋቸው ትንንሽ ሮኬት መሥራትን ለጨዋታና ለትምህርት የሚወዱ ሰዎችን ነው፤ መስተዋቱም ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳየው ቴሌቪዥን ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። በአሜሪካ አገር በነብራስካ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ኦርቪል ካርላይል የሚባል የጫማ ነጋዴ ነበረ። ርችት መሥራት ይወድ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1954 ከወረቀትና ከቀላል እንጨት ትንሽ ሮኬት ሠራ፤ ወደ ላይ ከወጣች በኋላ በጃንጥላ ቀስ ብላ የምትወርድ፥ ሞተሯ ብቻ እየተለወጠ ደግማ የምትተኰስ ነበረች። በዚያ ዘመን የብረት ቱቦ በባሩድ እየሞሉ የሚለኩሱ ልጆች ጣታቸውንና ዓይናቸውን፥ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። ሃሪ ስታይን የሚባል የሮኬት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለዚህ አደጋ በመጽሔት ጻፈ። ካርላይልም ጽሑፉን አንብቦ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሮኬቶቹንም ላከለት። ከሁለቱ ሰዎች መገናኘት የአሜሪካ የሮኬት ወዳጆች ማኅበር በዚያው ዓመት ተመሠረተ፤ ሕግም ወጣ። ሕጉም ባጭሩ እንዲህ ይላል፤ ሮኬቱ ከቀላል ነገር ይሠራ፤ ሞተሩ በፋብሪካ የተሠራ ይሁን እንጂ ባሩድ በቤት አይደባለቅ፤ እሳቱ ከሩቅ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይለኰስ፤ ከመተኰሱ በፊት ጮኽ ብሎ ይቈጠር፤ ወደ ሰውና ወደ አውሮፕላን ከቶ አይተኰስ።

እንግዲህ የቴሌቪዥን ሰዎች ወደ እንዲህ ያለው ሜዳ በመጡ ጊዜ ነገሩ ይጣመማል። መቶ ሮኬቶች በደኅና ወጥተው በደኅና ቢወርዱ ወሬ አይሆንም፤ አንዱ ተንጋዶ ሣር ቢያቃጥል ግን ወሬ ይሆናል። ሳምንታት የፈጀው መለካት፥ ማጣበቅና መቍጠር አይታይም፤ የሚታየው የሁለት ሴኮንድ እሳት ነው። ከዚህ በላይ ጠያቂው «ይህ የጦር መሣሪያ አይደለምን?» ይላል፤ ወይም ፈገግ ብሎ «ትልቅ ሰው እንዴት በልጅ ጨዋታ ይጫወታል?» ይላል። የሮኬት ወዳጆች እንደ አደገኛ ሰው ወይም እንደ ቂል ሲታዩ ይቈጣሉ። መቈጣታቸው አይፈረድበትም፤ የሚፈረደው ከቍጣው በኋላ በሚያደርጉት ነገር ነው።

አንዱ መንገድ መስተዋቱን ጥሎ በር ዘግቶ መቀመጥ ነው። ሮበርት ጎዳርድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሮኬት እስከ ጨረቃ ሊደርስ እንደሚችል ባስረዳ ጊዜ፥ ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 1920 ተሳለቀበት፤ አየር በሌለበት ቦታ ሮኬት የሚገፋው ነገር ስለሌለ ሊሄድ አይችልም፥ ይህን የማያውቅ ሰው የተማሪ ቤት ዕውቀት ጐድሎታል አለ። የተሳሳተው ጋዜጣው ነበር፤ ሮኬት የሚሄደው አየርን ገፍቶ ሳይሆን ጋዙን ወደ ኋላ ሲወረውር በዚያው ኀይል ራሱ ወደ ፊት ስለሚገፋ ነው። ጎዳርድ ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከብዙ ሰው ደብቆ ያዘ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄደውን የመጀመሪያውን ሮኬት ሲተኵስ ያዩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሮኬቱ የበረረው ሁለት ሴኮንድ ተኩል፥ ከፍታውም 12 ሜትር ያህል ነበር። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው ሰዎች ወደ ጨረቃ ጕዞ በጀመሩ ማግሥት፥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1969 ነው፤ ጎዳርድ ከሞተ ግን 24 ዓመት ሆኖት ነበር። ዕፍረቱ የተሳላቂው ነው። ሆኖም የተዘጋ በር ዋጋ ያስከፍላል፤ ደቀ መዝሙር አይገባበትም፥ አራሚም አይገባበትም።

ሁለተኛው መንገድ ፊትን ማጣመም ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ካሜራው እሳት ይወዳል ብሎ እሳቱን የሚያበዛ፥ ተመልካች እንዳይሰለች ብሎ ቈጠራውን የሚያሳጥር፥ ደፋር ለመባል ከሚለኰሰው ሮኬት አጠገብ የሚቆም ሰው፥ ሥራውን ለመስተዋቱ ሸጦታል። ዛሬ ደግሞ ካሜራ በየሰዉ ኪስ አለና ይህ ፈተና በየሰፈሩ ደርሷል። እጁ የተቃጠለ ልጅ ያየው ሰው ቢበዛ ቍስሉ አይድንለትም።

የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ይኸውም በመስተዋቱ ከታየው ውስጥ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ፥ በእውነቱ መታጠብ፥ ሐሰቱንም በትዕግሥት ማቅናት ነው። «ውሾቹ ይጮኻሉ፥ ግመሉም ይሄዳል» ይላል ተረታችን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሻ አንዳንድ ጊዜ የሚጮኸው ጅብ ስለ መጣ ነው። ሮኬትን የሚፈራ ተመልካች ሁሉ ቂል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 በጀርመን አገር የተሰበሰቡት የሮኬት ወዳጆች አሳባቸው ወደ ጠፈር መሄድ ነበር፤ ከመካከላቸው ወጣቱ ቨርነር ፎን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ ጦር ሠራዊቱ ሥራ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ቪ-2 የተባለው ሮኬት በለንደን ሕዝብ ላይ ወረደ። በእኛም አገር በኅዳር 2013 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የተተኰሰውን ሮኬት የሚያስታውስ ሰው፥ ቃሉን በሰማ ጊዜ ቢደነግጥ ሊሳቅበት አይገባም። የሮኬት ወዳጅ የሆነ ሰው ይህን ፍርሃት ሰምቶ ጥንቃቄውን ሊያጸና ይገባዋል።

ሐሰት የሆነውን ግን ዝም ማለት አይገባም። በአሜሪካ መንግሥት የፈንጂ ጕዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በትልልቅ ሮኬቶች ውስጥ የሚገባውን ነዳጅ ከፈንጂ ቈጥሮት ነበር። ሁለት የሮኬት ወዳጆች ማኅበሮች ነዳጁ ይቃጠላል እንጂ እንደ ፈንጂ አይፈነዳም ብለው እ.ኤ.አ. በ2000 ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዳኛው የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ በቂ ማስረጃ የለውም ብለው ሻሩት። ዘጠኝ ዓመት በስድብ ሳይሆን በማስረጃ ተከራከሩ፤ ረቱም።

መስተዋቱን የያዘው ሰውም ዕዳ አለበት። ዛምቢያ ነፃ በወጣችበት ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በ1964፥ ኤድዋርድ ማኩካ ንኮሎሶ የሚባል ሰው ወጣቶችን ወደ ጠፈር ለመላክ አሠለጥናለሁ ብሎ ተነሣ። የውጭ አገር የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ሠልጣኞቹ በበርሜል ውስጥ ሆነው ሲንከባለሉ አሳዩ፤ ዓለምም ሳቀ። ንኮሎሶ አስተማሪ የነበረ፥ ስለ አገሩ ነፃነትም የታሰረ ሰው መሆኑን ግን ከሳቁት ውስጥ ስንቱ ሰማ? የሚያስቅ ነገር ማሳየት ኀጢአት አይደለም፤ ሰውየውን ግን ከሚያስቀው ነገር በቀር ሌላ የሌለው አድርጎ ማሳየት በደል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲቋቋም «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት የሚያስተርት ሥራ የጀመረ መስሎ የታየው ሰው ብዙ ነበር፤ ሕዝቡ ሳይጠግብ ስለ ከዋክብት ማሰብ እብደት ነው ተባለ። ማኅበሩ በሩን አልዘጋም፤ የምልከታ ጣቢያም በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል በሆነ ከፍታ ተሠራ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትወጣ ቴሌቪዥን ለሕዝቡ አሳየ፤ ትናንት ሲስቅ የነበረውም አጨበጨበ።

የአሳቤ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። መስተዋቱ ሲያስቀይመን ለማረም የምንፈጥነውን ያህል፥ ሲያሳምረንስ እንፈጥናለን? ያች ሳተላይት ከቻይና ጋራ በመተባበር የተሠራች፥ ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት የወጣች ነበረች። የእኛ ሰዎች ተምረውባታል፤ ስለ እርሻና ስለ ደን መረጃ እንድትሰበስብም ታስባ ነበር፤ ይህ ሁሉ ያስመሰግናል። ነገር ግን «ሮኬቱን እኛ ተኰስነው» የሚል ሰው ቢመጣና ደስ ብሎን ዝም ብንል፥ ጎዳርድን ከተሳለቀበት ጋዜጣ በምን እንሻላለን? ስለ እርሱ የተነገረውን ክፉ ሐሰት ብቻ የሚያርም ሰው የሚወደው ራሱን ነው፤ ደግ ሐሰትንም የሚያርም ሰው እርሱ እውነትን ይወዳል።

ይህ ለሊቃውንትና ለመንግሥታት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። በመልካ ጀብዱ አንድ ልጅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሢሶውን ውኃ ሞልቶ፥ በብስክሌት መንፊያ አየር አምቆ ወደ ሰማይ ሊለቀው ይችላል፤ እሳት ሳይነካ ጎዳርድ ያስረዳውን ሕግ በዓይኑ ያያል። አስተማሪ አጠገቡ ይኑር፤ ጓደኞቹም ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ድሬዳዋ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ከተማ መሆኗን አይርሳ። ጎረቤት «ምን እያፈነዳችሁ ነው?» ብሎ ቢቈጣ፥ ጠርሙሱን አሳይቶ በትሕትና ያስረዳ። ሌላው ደግሞ በስልኩ ቀርጾ «መንኰራኵር የሠራው ልጅ» ብሎ ቢያወራለት፥ በዚያው ትሕትና «መንኰራኵር አይደለም፤ ውኃና አየር ያለበት ጠርሙስ ነው፤ የወጣውም ከቤት ጣራ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው» ይበል። ይህን ማለት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል፤ ማንም አላስገደደውምና። ይህን የተናገረ ልጅ ግን ነገ ትልቅ ሥራ ሠርቶ «ይህን እኔ ሠራሁ» ባለ ጊዜ፥ ሰው ያምነዋል።