«ሽንትሽ ምን ይመስላል?»

እህቴ ደም ማሳል ስትጀምር ሁላችንም ቲቢ ነው አልን። ሐኪሙም እንደዛው። በመጠርጠሩ አልፈርድበትም፤ እኛ አገር ደም የሚያስል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት እሱ ነው። አክታዋ ላይ ምንም ባይገኝም መድኃኒቱ ተጀመረላት።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሐኪም ሳንባዋን እያዳመጠች «ሽንትሽ ምን ይመስላል?» አለቻት። እህቴ አፈረች። ኮካ ይመስል ነበር። የቲቢ መድኃኒት ሽንት ያቀላል ስለተባለች ለማንም አልተናገረችም (እውነትም ያቀላል፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው)። ሲመረመር ደምና ፕሮቲን ተገኘ። ኩላሊቷ በየቀኑ እየደከመ ነበር።

ሳንባና ኩላሊትን ምን አገናኛቸው? ሁለቱም ውስጥ ደም በስስ ሽፋን አጠገብ ያልፋል፤ ሽፋኑ የተሠራበት ኮላጅንም ተመሳሳይ ነው። የሰውነት መከላከያ ይህን ኮላጅን እንደ ጠላት ሲቆጥረው ሁለቱ አብረው ይደማሉ። ሕመሙ ጉድፓስቸር የተባለው በ1919 እ.ኤ.አ. የአንድ የ18 ዓመት ወጣትን አሟሟት በጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም ስም ነው። የትንንሽ ደም ሥሮች ብግነትም፣ ሉፐስም እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚለዩት በደም ምርመራና ከኩላሊት በሚወሰድ ናሙና ነው።

ውጤቱ ግን ቀናት ይፈልጋል፤ ኩላሊት ደግሞ አይጠብቅም። ስቴሮይድና ሳይክሎፎስፋማይድ መከላከያን ያዳክማሉ፤ ሕመሙ ቲቢ ከሆነ ያባብሱታል። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለች ሐኪሟ። «ግን ብንጠብቅ የምናጣው አይመለስም።» ሳይክሎፎስፋማይድ መውለድ ሊከለክላት እንደሚችልም ልትነግራት ፈለገች።

እናቴ «አይነገራት» አለች። እኔም በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። እንዲያውም የተናደድኩት በሐኪሟ ነው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ አልተጠራጠረም! አሁን ሳስበው የሰውዬው ጥፋት ቲቢን መገመቱ ሳይሆን ከገመተ በኋላ መጠየቅ ማቆሙ ነው። ሳያውቁ ማከም ግዴታ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ግን አለማወቅን ከታማሚው መደበቅ በሰው ገላ ቁማር መጫወት ይመስለኛል። ኩላሊቱም ማህፀኑም የእሷ ነው።

እህቴ 24 ዓመቷ ነበር። «ለማሰብ ስንት ጊዜ ይሰጡኛል?» አለች።

«እስከ ማታ።»

እናቴን ከክፍሉ አስወጥታ ፈረመች። ውጤቱ ከስድስት ቀን በኋላ መጣ፤ ጉድፓስቸር ሳይሆን የደም ሥር ብግነት ነበር። መድኃኒቱ ያው ነው። ኩላሊቷ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተረፈ። ልጅ ስለመውለድ እስካሁን አንነጋገርም። እኔ አልጠይቃትም፣ እሷም አታነሳውም።