ዝም ያለ ጉበኛ

ነቢዩ ሕዝቅኤል በከተማ ቅጥር ላይ ስለሚቆመው ጉበኛ በ33ኛው ምዕራፍ የጻፈውን የማያውቅ ካህን የለም። ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከቱን ያልነፋ ጉበኛ፣ በገዛ እጁ ማንንም ባይገድል እንኳ፣ የሟቹ ደም ከእርሱ ይፈለጋል። ይህን ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ለግል ኃጢአት ተግሣጽ አድርገን እንሰብከዋለን፤ በሕዝብ ላይ ስለሚመጣው ጦርነት ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ እንጠቅሰዋለን። እንግዲህ ጉበኛው ዝም ከማለት ዐልፎ መለከቱን ለሰይፉ ማጀቢያ ቢነፋው፣ ንስሐው እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል?

የንስሐ ሥርዓታችን በዚህ ነገር ግልጽ ነው። ወደ ነፍስ አባቱ የመጣ ሰው «ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ ብቻ ዝም ቢል፣ አባቱ «ምን አደረግህ? በማን ላይ አደረግህ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ በዚያው አያሰናብተውም። የሰረቀ ይመልሳል፤ የበደለ ይክሳል፤ ደም ያፈሰሰም በአገራችን ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ወገን ፊት ይቆማል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ13ኛው ቀኖናው፣ በጦር ሜዳ የገደሉትን ወታደሮች የቀደሙት አባቶች እንደ ነፍሰ ገዳይ እንዳልቈጠሩአቸው ከተናገረ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢርቁ መልካም እንደ ሆነ መክሮአል። ይህ የተባለው ታዝዞ ለዘመተው ነው። መስቀል አሳልሞ፣ መርቆ የላከው ካህን ስንት ዓመት ይራቅ? ቀኖናው ይህን አይናገርም፤ ጥያቄው ግን ከቀኖናው ውስጥ በግድ ይወጣል።

ይህን መመዘኛ ይዘን ከእኛ እጅግ የራቀች የአንዲት ማኅበረ ክርስቲያን ታሪክ እንመልከት። በእምነትና በሥርዓት ከእኛ የተለየች ናት፤ ፈተናዋ ግን ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። (የውጭ አገሩን ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በጃፓን የነበሩት ከ30 የሚበልጡ የፕሮቴስታንት ወገኖች በ1941 ዓ.ም. በመንግሥት ሕግ ግፊት «ኪዮዳን» በሚባል አንድ ማኅበር ተጠቃለሉ። መሪው ሚትሱሩ ቶሚታ በ1942 ጥር ወር ወደ ኢሴ፣ የፀሐይ አምላክ ወደምትመለክበት ታላቅ የሺንቶ መቅደስ ሄዶ የማኅበሩን መመሥረት አስታወቀ። ኪዮዳን ለድል ጸለየ፤ ለጦር አውሮፕላን መግዣ ከምእመናኑ ገንዘብ ሰበሰበ፤ በ1944 ፋሲካም ለእስያ ክርስቲያኖች ጦርነቱን የሚያጸድቅ መልእክት ጻፈ። በዚያው ዘመን የክርስቶስን ዳግም ምጽአትና ንጉሥነት አጥብቀው የሚሰብኩ የቅድስና ወገን የሚባሉ ሰባክያን ከመቶ በላይ ተይዘው ታሰሩ፤ ጥቂቶቹም በእስር ሞቱ። ማኅበራቸው ከጎናቸው በመቆም ፈንታ ሥራቸውን እንዲለቁ አደረገ።

ከዚህ የሚከፋው በኮርያ የሆነው ነው። ኮርያ በዚያ ጊዜ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ቶሚታ በ1938 ወደዚያ ተሻግሮ፣ በሺንቶ መቅደስ መስገድ የዜግነት ክብር እንጂ አምልኮ አይደለም ብሎ የኮርያን ክርስቲያኖች ሊያሳምን ሞከረ። በዚያው ዓመት መስከረም የኮርያ ፕሬስቢቴሪያን ጉባኤ ፖሊሶች ባሉበት ስግደቱን ተቀበለ። አልሰግድም ብለው ከጸኑት አንዱ ጁ ጊ ቾል በ1944 በፒዮንግያንግ እስር ቤት ዐረፈ። ሰማዕትን ወደ ወኅኒ የሚወረውረው ጨካኝ ንጉሥ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ በዚህ ታሪክ ግን መጀመሪያ መጥቶ «ስገድ፣ ነውር የለውም» ያለው መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ሰባኪ ነበረ።

ጦርነቱ በ1945 አበቃ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በጀርመን የሽቱትጋርት ከተማ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪዎች የበደል ኑዛዜ አወጡ። ከፈረሙት አንዱ ማርቲን ኒሞለር ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ናዚዎችን በመቃወሙ 8 ዓመት ያህል ታስሮ የኖረ ሰው ነበረ፤ «እኔ ንጹሕ ነኝ» ቢል ማን ይከሰው ነበር? ነገር ግን ያ ኑዛዜ በመከራው ሁሉ መካከል ያለቁትን አይሁድ በስም አልጠራም። በነፍስ አባት ፊት ቢቀርብ ኖሮ «በማን ላይ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀር ነበር።

በጃፓን ነገሩ ዘገየ። በ1965 የኪዮዳን መሪ ወደ ኮርያ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። በ1967 መጋቢት 26 ቀን፣ በፋሲካቸው ዕለት፣ ቀጣዩ መሪ ማሳሂሳ ሱዙኪ ማኅበሩ በጦርነቱ ስለ ነበረበት ኀላፊነት ኑዛዜ አወጣ። ኪዮዳን በስሙ ጦርነቱን ማጽደቁን፣ ለድልም መጸለዩን፣ የጉበኛነቱን አደራም መተዉን ተናገረ፤ እግዚአብሔርንና በእስያ ያሉትን ወንድሞች ይቅርታ ለመነ። የሕዝቅኤል ጉበኛ እዚህ ላይ መጠቀሱ አስደንቆናል። ከወገኖቹ ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት። የጁ ጊ ቾልም ስም በውስጡ የለም። ቢሆንም ሥራውን በስሙ ጠርቶአል፤ 22 ዓመት የፈጀውም ይኸው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን የዚህን ነገር ሌላውን ፊት፣ የተበዳዩን ፊት፣ እናውቀዋለን። በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ወር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራሉ ቆሞ በኢትዮጵያ ላይ የዘመተውን ጦር አወድሶአል። ከዚያ ስብከት እስከ ግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳትና ዲያቆናት በግራዚያኒ ትእዛዝ እስከ ተረሸኑበት ወር ድረስ፣ 2 ዓመት እንኳ አልሞላም። የተበደለ ሰው «በጠቅላላው አዝነናል» የሚል ቃል እንዴት ጆሮውን እንደሚሻክረው እንግዲህ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ካወቅን በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣውንና በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመውን ጦርነት ሌላ ሚዛን አውጥተን ልንመዝነው አንችልም። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ነፍስ ጠፍቶአል፤ በአንድ መሠዊያ የሚቈርቡ ሰዎች ተጋድለዋል፤ በየወገኑም ለጦር የመረቀ ካህን አልታጣም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቅዱስ ሲኖዶስ ለትግራይ ይቅርታ ጠይቆአል፤ ቅዱስ ፓትርያርኩም ወደ መቀሌ ወርደዋል፤ የትግራይ ጳጳሳት ግን አልተቀበሉአቸውም። አንዳንዶች «ይቅርታ ተጠይቆ እንዴት እምቢ ይባላል?» ሲሉ ሰምተናል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን «አውርድ» ካልተባለ ተቈጥቶ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ሽማግሌ ይዞ ዳግመኛ ይሄዳል። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የታዘዘውም ወንድሙ ያዘነበት ሰው ነው፤ መንገዱ የእርሱ ነው።

በየአጥቢያው ያሉ ካህናት አባቶቻችን ግን ይህ ከላይ እስኪፈጸም ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ሊጠብቁ አይገባም። ከዘመቻ የተመለሱት ወጣቶች ወደ ነፍስ አባቶቻቸው እየመጡ ናቸው። እንቅልፍ ያጡ አሉ፤ ለመቍረብ የሚፈሩ አሉ። «ለአገርህ ነው፣ ምንም የለብህም» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ የቂሣርያው አባት ግን እንዲህ አላሰናበተም። ተቀምጦ መስማት፣ ቀኖና መስጠት፣ ከሁለቱም ወገን የሞቱትን በአንድ ጸሎተ ፍትሐት ስማቸውን መጥራት በአጥቢያ ካህን እጅ ያለ ሥራ ነው፤ ይህን ለመጀመር የማንም ደብዳቤ አይጠበቅም።