መልክን ማሳመርና እውነትን መጠበቅ

ሰው በሰው ፊት አምሮ መታየትን መውደዱ ነውር አይደለም። ለበዓል ነጭ የምንለብሰው፣ እንግዳ ሲመጣ ደጃችንን የምንጠርገው፣ ጠጉራችንንም የምናበጥረው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን የራሱን ቤት ጠርጎ እንግዳ የሚቀበል ሰው ሌላ ነው፤ የጎረቤቱን ቤት የራሴ ነው ብሎ እንግዳ የሚያስገባ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰው አክባሪ፣ ሁለተኛው አታላይ ይባላል። የሁለቱ ድንበር ወዴት ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ የምናነሣው ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ፎቶግራፍ ነው።

ዛሬ በየከተማው ወደ ፎቶግራፍ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ የፎቶግራፉ ሥራ ተነሥተው ሲወጡ አያበቃም። ባለሙያው ምስሉን በኮምፒውተር ከፍቶ፣ ፎቶሾፕ በሚባለው ፕሮግራም ያርመዋል። ከግንባር ላይ አፈንግጣ የወጣችውን ጠጉር ይለቅማል፤ ቀለሙ የተላጠውን ግድግዳ አንሥቶ በምትኩ ነጭ ወይም ሰማያዊ መደብ ያገባል፤ የለመኑት እንደ ሆነም ከተነሺው ኋላ አበባ የሞላበት አትክልት ቦታ ይተክላል። ይህ ሁሉ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ድረስ ያልቃል።

ጥበቡ ግን ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ አይደለም። የፎቶግራፍ ሥራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 በፓሪስ ለዓለም ከተገለጠ በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቈይ፣ ባለ ስቱዲዮዎች ኔጋቲቩን ማረም ጀመሩ። በኔጋቲቭ ላይ ጨለማው ብርሃን፣ ብርሃኑ ጨለማ ሆኖ ስለሚገለበጥ፣ የፊት መጨማደድ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። አራሚው ይህን መስመር በሾለ እርሳስ ነካ ነካ እያደረገ ሲሞላው፣ በወረቀት ሲታተም መጨማደዱ ይጠፋል። ከመጠን ያለፈውን ጥቁረት ደግሞ በስለት ይፍቀዋል። በአገራችንም ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ሲያስፋፉ፣ በአዲስ አበባ የተከፈቱት ስቱዲዮዎች ከተነሺው ኋላ ሥዕል የተሣለበት መጋረጃ ይዘረጉ፣ ጥቁርና ነጩንም ፎቶግራፍ በእጅ ቀለም ይቀቡት ነበር። በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፎቶሾፕ ለገበያ ሲወጣ፣ የእርሳሱንና የስለቱን ሥራ ፈጣንና ርካሽ አደረገው እንጂ አዲስ ምኞት አላመጣም።

እንግዲያስ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነገር ስለ ምን ያጠያይቃል? የሚል አንባቢ ይኖራል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያንን እናስብ። ጻድቁን ሁለት ዐይኑ እንዲታይ ከፊት ለፊት፣ ክፉውን ግን በአንድ ዐይን ከጎን መሣል የቈየ ልማዳቸው ነው። ይህን ሲያደርጉ ማንንም አላታለሉም፤ ሠዓሊውም ተመልካቹም ምልክቱን እኩል ያውቁታልና። ፎቶግራፍ ግን በሥዕል ወንበር ላይ ሳይሆን በምስክር ወንበር ላይ የተቀመጠ ነገር ነው። ያየነውን ሁሉ «በእርግጥ እንዲህ ነበረ» ብለን እንቀበለዋለን። ከምስክር የምንጠብቀው ደግሞ ከሠዓሊ ከምንጠብቀው ይለያል።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በምንኖርባት በአቦምሳ ከተማ የሆነ አንድ ነገር ነው። አቦምሳ በአርሲ፣ በመርቲ ወረዳ የምትገኝ፣ ቀድሞም የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናት። በመሥሪያ ቤታችን አብሮን የሚሠራ ባልንጀራችን እናቱ ዐረፉበት። እኒህ እናት በዕድሜያቸው ሙሉ ፎቶግራፍ መነሣትን አይወዱም ነበርና፣ ለአርባቸው የሚሆን ምስል ሲፈለግ የተገኘው በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ብቻ ሆነ። በአንድ ማዕዘኑ ላይ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ወደ ትከሻቸው ወርዷል፤ በኋላቸው የተጋረደው አንሶላ ተጨማዷል፤ ከሻሻቸውም ሥር አንዲት ሽበት አፈንግጣ ወጥታለች። ባልንጀራችን ይህን ወደ አንድ ፎቶግራፍ ቤት ወስዶ «አሳምረህ አጕላልኝ» አለ።

የተመለሰው ምስል በእርግጥ ያማረ ነበር። ማኅተሙ የለም፤ አንሶላው በፏፏቴና በጽጌረዳ ተተክቷል፤ ያች ሽበት ተለቅማለች። ግን ደግሞ የግንባራቸው መስመር ጠፍቷል፤ መልካቸው ቀልቷል፤ በልጅነታቸው የተነቀሱት የአንገታቸው ንቅሳትም እንዳልነበረ ሆኗል። በአርባው ቀን ምስሉ በድንኳኑ ውስጥ ሲቆም፣ ከገጠር የመጡት የሟቿ ታላቅ እኅት ቀርበው ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና «ይህች ሴት ማን ናት? የእኔን እኅት የት አደረጋችኋት?» ብለው ጠየቁ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። እኒያ እናት ከሞቱ በኋላ ሁለተኛ የጠፉ መሰለን።

በማግሥቱ ከባልንጀራችን ጋር ወደ ፎቶግራፍ ቤቱ ሄድን። ባለሙያው ገና ወጣት ነው። ቍጣችንን ሰምቶ ሲያበቃ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ክፉ አላሰብሁም። የሚመጣው ሰው ሁሉ አጽዳልኝ፣ አቅላኝ ነው የሚለው። ለእናት ያላጸዳሁ ለማን ላጸዳ ብዬ ነው» አለን። ይህን ስንሰማ ቍጣችን በረደ፤ በደሉ ከክፋት ሳይሆን ከአክብሮት የመጣ ነበርና። እኛም ብንሆን «አሳምረው» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አልነገርነውም።

ከዚያም ወጣቱ አንድ ነገር አሳየን። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ እርማት እንደ ስስ ወረቀት በፊተኛው ምስል ላይ ተደራርቦ የሚቀመጥበት ዘዴ አለ፤ ሌየር ይሉታል። አዋቂ ሠራተኛ በዋናው ምስል ላይ አይሠራም፤ በላዩ ላይ ነው እንጂ። ስለዚህ ወጣቱ አንዱን ወረቀት ከሌላው በኋላ እያነሣ ይጠይቀን ጀመር። ፏፏቴው ተነሣ። ንቅሳቱ ተመለሰ። የግንባሩ መስመር፣ የመልካቸውም ጠይምነት ተመለሰ። የማኅተሙ ቀለም ግን እንደ ጠፋ ይቅር ተባባልን፤ ማኅተሙ የመንግሥት እንጂ የእርሳቸው አልነበረምና። የተጨማደደውም አንሶላ በንጹሕ ነጭ መደብ ተተካ። መጨረሻ ላይ «ጠጉሯንስ?» ብሎ ጠየቀን። እኛ «እርሷስ ትለቀም» ልንል ስንል ባልንጀራችን ስልክ አንሥቶ አክስቱን ጠየቃቸው። አክስቱም «እኅቴ ያችን ጠጉር ከሻሿ ሥር ሳታወጣ ውላ አታውቅም፤ ተዋት» አሉ። ተተወች።

ከዚህ ነገር የተማርነውን እንዘርዝር። አስቀድመን ያሰብነው ደንብ ይህ ነበር፤ ጊዜ ያመጣውን ማጥፋት ይፈቀዳል፤ ዕድሜ የጻፈውን ማጥፋት አይፈቀድም። ትቢያ፣ የነፋስ ጠጉር፣ የተላጠ ግድግዳ፣ ለሠርግ ሳምንት የወጣች ብጉር፣ እነዚህ የዕለቱ እንጂ የሰውዬው አይደሉም። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ሽበት፣ መጨማደድ ግን የሰውዬው ታሪክ ናቸው። ይህ ደንብ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የአንዲት ጠጉር ነገር አፈረሰብን። ለእኛ የዕለት የመሰለችን፣ ለሚያውቋቸው የዘመን ሆና ተገኘች። ስለዚህ በደንቡ ላይ አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆነ፤ የዕለቱንና የዘመኑን የሚለየው አራሚው አይደለም፤ ባለ መልኩ ራሱ ነው፤ እርሱ ከሌለም የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛም፣ ምስሉ ለማን እንደሚመሰክር መጠየቅ ይገባል። ለፓስፖርት የሚቀርብ ፎቶግራፍ ንጹሕ ገላጣ መደብ እንዲኖረው፣ ጠጉርም ዐይንን እንዳይጋርድ ዓለም አቀፍ ደንብ ያዛል። ሆኖም ጠጉሩ መነሣት ያለበት ከመነሣት በፊት በማበጠሪያ ነው እንጂ ከተነሡ በኋላ በኮምፒውተር አይደለም፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ፓስፖርት ሰጪዎች በኮምፒውተር የተለወጠ ምስል አንቀበልም የሚሉት ስለዚህ ነው። በፈረንሣይ አገር ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2017 ጀምሮ፣ የሞዴሎች ሰውነት ቀጥኖ ወይም ወፍሮ እንዲታይ የተለወጠበት የንግድ ፎቶግራፍ የታረመ መሆኑ በላዩ እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ ማረምን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ተመልካቹ ሳያውቅ እንዳይቀር ብቻ አዘዘ። ለሠርግ ወይም ለምረቃ የሚሆነው ምስል ግን የደስታ ነው፤ በባለቤቱ ፈቃድ ቢጌጥ የሚጎዳ የለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን ያልታዘዘ እርማት ነው። ጠይም ልጅ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሳይጠይቅ ቀልቶ ሲመለስለት፣ ማንም ቃል ሳይናገር «የተፈጠርህበት መልክ ስሕተት ነው» ተብሎ ተነግሮታል። በክፍል ውስጥ መምህሩ በቀይ ቀለም የሚያርመው ስሕተትን ነው፤ መልክ ግን ስሕተት አይደለም። ሙታንም «እንዲህ አድርጉኝ» ወይም «ተዉኝ» ሊሉ አይችሉምና፣ የእነርሱ ምስል ከሕያዋን ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል።

መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይላል ያገራችን ሰው። ቢሆንም መልክ የምንተዋወቅበት የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ፊደሉ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ከምስል ይልቅ ምስክር መጠበቃችንን አንርሳ። መምህራንም ተማሪዎቻቸው ሲያርሙ ዋናውን ምስል ሳያጠፉ በላዩ እንዲሠሩ ያስተምሯቸው፤ የተሳሳተ ሰው የሚመለስበት መንገድ ሊኖረው ይገባልና። በቋንቋችን «ማረም» ማለት ስሕተትን ማቅናትም፣ ከማሳ አረምን መንቀልም ነው። ጤፍና አረሙ በቡቃያነታቸው ይመሳሰላሉ፤ ጐበዝ አራሚ የሚባለው ብዙ የነቀለው ሳይሆን ጤፉን ያልነቀለው ነው።

ያ ምስል ዛሬ በባልንጀራችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወደ ቤቱ የገባ ዘመድ ሁሉ ገና ከደጃፉ ሆኖ እኒያን እናት በስማቸው ይጠራቸዋል።