«ቆመህ ጠብቀኝ» እና መነጽሩ

የቀሐን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቁስቋም የሚወጣ መንገደኛ፥ በ1770 በዚያ አጥቢያ ሰንብቶ የነበረውን የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስን ቢያስታውስ ያለ ቦታው አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ብሩስ ራሱ በጉዞ መጽሐፉ እንደ ተረከው፥ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከሆነው ከገብረ መስቀል ጋር ስለ ተኩስ ችሎታ ተከራክሮ ኖሮ፥ ኋላ በወጣቱ ንጉሥ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት ጠመንጃውን በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻ ባንድ ተኩስ በሳ። ብዙዎች አስማት መስሏቸው ተደነቁ። ነገሩ ግን የባሩድ ኃይል እንጂ አስማት አልነበረም፤ ደግሞም ጋሻ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነው።

ቆሞ የሚጠብቅ ስንል፥ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ በአገራችን ያተረፈው የቀልድ ስም ትዝ ይለናል። ባሩዱ ተሰፍሮ፥ አረሩ ገብቶ፥ በዘንግ ተጠቅጥቆ፥ እሳቱም ተሰናድቶ እስኪተኮስ ድረስ ጠላትም ሆነ አውሬ እንዲታገሥ የሚለመን ይመስል፥ ሕዝባችን እንዲህ ያለውን አሮጌ መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል። አንዴ ከሳተ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ጭሱ ሲገለጥ አውሬው ከተራራው ማዶ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ነፋሱን ማጥናት፥ ዱካ መከተል፥ በደረቱ እየተሳበ መቅረብ ግድ ይሆንበት ነበር።

መሣሪያው ከጦር ሜዳ ከተሰናበተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፥ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ይታደንበታል፤ እንዲያውም የራሱ ወራት ተሰጥቶታል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የአጋዘን አደን የሚፈቀድበትን ጊዜ ሲደለድሉ፥ በአፈ ሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ የተለየ ሰሞን ይመድባሉ። መሣሪያው ደካማ ስለ ሆነ የሚገደለው እንስሳ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ከሆነም ፈቃዱን ለብዙ ሰው ማደል፥ አዳኞቹንም ዱሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ ማሰማራት ይቻላል። ፔንሲልቬንያ ከ1974 ጀምሮ በባልጩት እሳት ለሚተኮሰው ጠመንጃ የተለየ ወራት አላት። ኮሎራዶ በዚህ ወራት ከጠመንጃ ላይ መነጽር ማድረግን ትከለክላለች። ዩታ ግን በ2016 አጉልቶ የሚያሳየውን የማነጣጠሪያ መነጽር ፈቀደች፤ በ2024 ደግሞ ፈቃዱን መልሳ ነሣች። አንድ ግዛት በስምንት ዓመት ውስጥ ፈቅዶ የከለከለውን ጉዳይ ተራ የአዳኞች ጭቅጭቅ ነው ብለን ልናልፈው አልፈለግንም።

ልዩው ወራት የተሰጠው ለብረቱ እርጅና ክብር ሲባል አይደለም፤ አዳኙ ራሱን በፈቃዱ ስላደከመ ነው። ይህም በአዳኙና ሕግ በሚያወጣው ሕዝብ መካከል የተደረገ ውል ነው። መምህራን በየዓመቱ የሚያውቁትን ምሳሌ እንውሰድ። ዐይኑ ስለ ደከመ በፈተና ላይ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት የተፈቀደለት ተማሪ፥ መነጽር አግኝቶ ከጓደኞቹ እኩል ማንበብ ከቻለ በኋላም ግማሽ ሰዓቱን እንደ ያዘ ቢቀጥል፥ መነጽር ማድረጉን የሚነቅፍበት የለም፤ የሚነቀፈው ሰዓቱን አለመመለሱ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ መነጽር ሲጨመርለት ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይገድላል። ስሙ የጥንቱ ነው፤ ጉልበቱ ግን የጥንቱ አይደለም።

በጦርነት ነገሩ ሌላ ነው። በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ግርጌ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች አሮጌውን ጠመንጃ ይዘው፥ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ከታጠቀው የእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጋጠሙ፥ ከእኛ ወገን ወደ 700 ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ነበሩ። ይህን ስናስብ ልባችን ይደማል፤ ሆኖም ጦረኛ መሣሪያውን አድክሞ ይምጣ የሚል ሕግ አልነበረም። አዳኝ ግን የሚፈልገው መግደል ብቻ ከሆነ፥ በረት ገብቶ በሬ ቢያርድ ማን ይከለክለዋል?

አባቶቻችን ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር። አደን የክብር መለኪያ በነበረበት ዘመን ሚዛኑን የሚደፋው የአደጋው መጠን ነበር። ብሩስ በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ በቆላው ያያቸው የዝሆን አዳኞች፥ ሁለት ሆነው ባንድ ፈረስ ይቀርቡና፥ ጎራዴ የያዘው ከኋላ ወርዶ የዝሆኑን ቋንጃ ይቆርጥ ነበር። ከዚህ የበለጠ ድፍረት እምብዛም አናውቅም። ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ከሚገባው በላይ ማስጌጥ አንወድም፤ ዝሆኑ በጎራዴ በመውደቁ አልተጽናናም፥ ጥርሱም ወደ ገበያ መሄዱ አልቀረም። የአዳኝ ክብር አውሬን ከጥፋት ያድናል ብለን ብንጽፍ ዋልያ ይታዘበናል። ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌለው ይህ እንስሳ ጥቂት ብቻ ሲቀር፥ መጠጊያ የሆነው ሕግ ነው። ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ እንዲያም ሆኖ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ሳይወጣ ቆየ። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጨዋነት ብቻውን በማይበቃበት ቦታ፥ ሕጉ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል ለይቶ መናገር አለበት።

እዚህ ላይ የመነጽሩ ወዳጆች አንድ ከባድ ቃል አላቸው፤ እርሱም ምሕረት ነው። በደንብ ያየ በደንብ ይመታል፥ ያቆሰለው እንስሳ በየቁጥቋጦው ሲማቅቅ አይሞትም ይላሉ። ይህን ንቀን ልናልፈው አንችልም፤ ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ ሥቃይ ከማንኛውም የአዳኞች ክብር ይበልጣልና። ነገር ግን መነጽሩ የሚያጠራው ዐይንን እንጂ አረሩን አይደለም። በሰማንያ ሜትር ርቀት እርግጠኛ የነበረው ሰው፥ እንስሳው በመነጽሩ ውስጥ ጎልቶ ሲታየው በሁለት መቶ ሜትር ይተኩሳል፤ አረሩ በመንገድ ላይ ዝቅ ማለቱን፥ ነፋሱም መግፋቱን መነጽሩ አይነግረውም። ምሕረት ነው ተብሎ የገባው መሣሪያ ርቀትን ይሸጥለታል። ለመማር የፈለገ ምሕረት ቀርቦ መተኮስ፥ ካልቀረበም አለመተኮስ ነው።

የሚቀረው የሽማግሌው ጉዳይ ነው። ስልሳ ዓመት ሲያልፍ የጠመንጃው ማለሚያና ዒላማው ባንድነት ጥርት ብለው አይታዩም፤ ይህ የእርጅና እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ለእርሱ ምንም የማያጎላ፥ ማለሚያውን ብቻ የሚያጠራ መስተዋት ቢፈቀድለት ከውሉ አንዳች አልጎደለም እንላለን፤ የተመለሰለት የጎልማሳነቱ ዐይን እንጂ የንስር ዐይን አይደለምና። አጉልቶ የሚያሳየውን መነጽር የሚፈልግ ሰው ግን፥ ሽማግሌም ሆነ ጎልማሳ፥ ጠመንጃውን ይዞ ከሌሎቹ ጋር በጋራው ወራት ይሰለፍ፤ በዚያ ወራት መነጽሩን የሚከለክለው የለም።