ትዕግሥትና ድፍረት በባዕድ አገር

ከአገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ ሲጭኑት እንደ አህያ፣ ሲለጉሙት እንደ ፈረስ መሆን እንዳለበት የአበው አነጋገር ያስተምራል። በአነጋገሩ ውስጥ የተቋጠረው ምክር ትዕግሥት ነው፤ ባይተዋሩ አንገቱን ደፍቶ፣ ቁጣውን ውጦ፣ የመመለሻው ቀን እስኪደርስ ይጠብቅ ይላል። ምክሩ ከረዥም ዘመን ልምድ የመነጨ በመሆኑ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። በባዕድ አገር 20 እና 30 ዓመት የሚኖር ሰው ዕድሜውን በመጠበቅ ብቻ ሊጨርሰው ይገባልን? ወይስ ያለችውን ጥቂት ነገር ለአደጋ አጋልጦ ያልለመደውን የመሞከር መብት፣ ምናልባትም ግዴታ፣ አለበት?

ብዙ ሰው ድፍረቱ በመውጣቱ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን መውጣት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ ውሳኔ አይደለም። አንዱን መንግሥት ለትምህርት ይልከዋል፤ ሌላውን ቤተሰብ አዋጥቶ ይሸኘዋል፤ ሌላው ሲሳደድ ድንበር ይሻገራል። ምርጫ ጎልቶ የሚታየው ከደረሱ በኋላ፣ ሻንጣው ተፈትቶ፣ ሥራ ተገኝቶ፣ የወሩ ኪራይ ከተከፈለ ወዲያ ነው። ባይተዋሩ በዚህ ጊዜ ከወገኖቹ ጋር ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የእሑድ ቡናው የዚያች ጎጆ ምሰሶዎች ናቸው። ይህችን ጎጆ የሚያጣጥል ሰው፣ የሟችን አስከሬን ወደ አገሩ ለመላክ ገንዘብ ሲዋጣ አላየም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ አጥር ሊሆን ይችላል።

አጥሩን የሚያጠብቀው ይሉኝታ ነው። በአገሩ መምህር ወይም ሹም የነበረ ሰው በባዕድ ቋንቋ አፉን ሲከፍት እንደ ሕፃን ይኮላተፋል። በረሃ ያቋረጠ፣ ረሃብን የቻለ፣ ሌሊቱን በመኪና ማቆሚያ ጥበቃ የሚያነጋ ሰው፣ በማታ ትምህርት ቤት ከልጆቹ እኩዮች መካከል ተቀምጦ እጁን አውጥቶ ለመጠየቅ ይፈራል። እዚህ ላይ ለአደጋ የሚጋለጠው ሕይወቱ ሳይሆን ክብሩ ነው። ትዕግሥት ደግሞ ይህን ፍርሃት በሚገባ ይሸፍነዋል፤ ዝም ያለ ሰው ታጋሽ ይባላል እንጂ ፈሪ አይባልም። እንግዲህ የአበው ምክር መልካም የሆነውን ያህል የስንፍና መሸሸጊያም ሊሆን መቻሉ ሊዘነጋ አይገባም።

የሠዓሊው የእስክንድር ቦጎስያን ሕይወት ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመንግሥት ወጪ ለሥዕል ትምህርት ወደ ሎንዶን ተላከ። መንገዱ የተጠረገ ነበር፤ ተምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ መመለስ ነበር። ወጣቱ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በዚያ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ልማድ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ገጠሙት፤ የኩባዊው የዊፍሬዶ ላም ሥራ በብርቱ ነካው። የሚያስደንቀው ነገር፣ ከለመደው ሁሉ በራቀበት በዚያ ወቅት የአገሩ ደብተራ በብራና ላይ የሣለው ጠልሰም፣ ያ ዓይን የበዛበት ክታብ፣ በሥራው ውስጥ ሕይወት መዝራቱ ነው። ለሎንዶን መምህራኑ ብቻ ቢታዘዝ ኖሮ ያን አጣምሮ የመሣል ብልሃት ያገኘው ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል። በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ኋላም አሜሪካ ሄዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዓመታት መምህር ሆነ። በ2003 ያረፈው በዋሽንግተን ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ዋጋውን የከፈለው ሲመለስ ነበር። የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ ሥዕልን መረጠ፤ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን በኮሎኝ ተማረ። ይዞት የመጣው ረቂቅ የአሣሣል ስልት ቅዱሳንንና የጦር ሜዳን ማየት ለለመደ ተመልካች ባዕድ ነበር፤ ነቀፋም አላጣም። ተመልካቹ የሚወደውን መሣል በቻለ ነበር። አላደረገውም። በሕይወቱ መጨረሻ ዳግመኛ ተሰድዶ በ1981 በኦክላሆማ፣ በሎተን ከተማ፣ ገና ዕድሜው ሳይገፋ ሞተ። በስሙ የተሰየመው ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ የተከፈተው ከዚያ 27 ዓመት ቆይቶ ነው። ደፋር ሁሉ ካሣውን በእጁ ይቀበላል ለሚሉ ሰዎች ይህ የማይመች ምሳሌ ነው።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሁለቱ ሠዓሊዎች ለአደጋ ያጋለጡት በአብዛኛው የራሳቸውን ነበር፤ ቢወድቁ የሚወድቁት እነርሱ ነበሩ። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምታገለግል ወጣት ሁኔታ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። «ካፋላ» በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ያን ጊዜውኑ ሕገ ወጥ ትባላለች፤ ፓስፖርቷም ብዙውን ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው። ደመወዟ የወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ነው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ዓረቢያ የተባረሩት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው። በሩ ከውጭ ለተቆለፈባት ሴት «ከለመድሽው ጥግ ውጪ፣ ድፈሪ» ብሎ መስበክ የምቹ ሰው ቧልት ይሆናል። ድፍረትን ከሰው ከመጠየቅ በፊት፣ ድፍረቱ ቢከሽፍ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ መመርመር ተገቢ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ለእንዲህ ያለችው ሴት የቀረላት ትዕግሥት ብቻ ነው የሚል ካለ ግን እርሱም ተሳስቷል። በጥር 2015 ቤይሩት ውስጥ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። የሊባኖስ ሕግ ለቤት ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጥበቃ አልሰጠም፤ የሥራ ሚኒስቴሩም ማኅበሩን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ዕውቅና ነፈገው። ከአገር የመባረር ሥጋት ነበረባቸው፤ ያንን ሥጋት ለብቻ አልተሸከሙትም። ስብሰባው የዋለው በእሑድ ቀን ነበር። ከአሠሪዎቻቸው የእሑድ ዕረፍት ያልተፈቀደላቸው በዚያው ሰዓት ከቤት አልወጡም።