ወደ ኡፕሳላ ምን ይዤ ልሂድ?

መንገድ የሚሄድ ሰው መካሪ አያጣም። ወደ ስዊድን ልሄድ ነው ካልኩበት ቀን ጀምሮ ያልተመከርኩት ነገር የለም። አንዱ «ወፍራም ካፖርት ሳትገዛ እንዳትሳፈር» ይለኛል፤ ሌላው በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንደምትጠልቅ ይነግረኛል። እህቴ በርበሬና ሽሮ አሰናድታለች። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ለሚቀበሉኝ ሰዎች ምን ስጦታ ይዤ ልሂድ?

የምሄደው ኡፕሳላ ወደምትባለው ጥንታዊት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1477፣ እኛ ዘንድ አፄ በእደ ማርያም በነገሡበት ዘመን ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ 160 ዓመት ግድም ቆይተው ነው። ለእንዲህ ያለ የመጻሕፍት አገር ከመጽሐፍ ሌላ ምን ይወሰዳል? ዳባት አጠገብ በአጎቴ ቤት ከአያቴ የቀረ አንድ ትንሽ የብራና ዳዊት አለ። እሱን ልወስድ ቆረጥኩ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለውን የ1992 ዓ.ም. አዋጅ አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ። አስቤዋለሁ፤ «ትንሽ ነው፣ ማን ያየዋል?» አልኩ እንጂ።

እስከዚያው ስለ ከተማዋ ማንበብ ጀመርኩ። የኡፕሳላ ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ኩራት «የብር መጽሐፍ ቅዱስ» የሚሉት ወንጌል ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም፣ ዛሬ ማንም በማይናገረው በጎታውያን ቋንቋ ተጽፏል። ስዊድን ግን አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1648 የስዊድን ጦር ፕራግን ሲዘርፍ ከምርኮው ጋር ሄደ። ከንግሥት ክሪስቲና ቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ሆላንድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1662 አንድ የስዊድን መኰንን ገዛው፤ በ1669 ለዩኒቨርሲቲው ሰጠው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሌቦች ጥቂት ቅጠሎቹን ከመታያው ሰርቀው፣ ከወር በኋላ በስቶክሆልም ባቡር ጣቢያ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ተገኙ።

ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ጎንደሬ ነኝና መቅደላ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ የወሰዳቸው በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ናቸው። በ1932ም የፈረንሳይ አጥኚዎች የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥተው፣ ቅጂ ተክተው ወደ ፓሪስ ወስደዋል። ምክንያታቸው ያው የተለመደው ነው፤ እዚህ ይበላሻል፣ እዚያ ይጠበቃል።

በዚህ ቁጣ እንደተሞላሁ ጥምቀትን ጎንደር ውዬ ዳባት ወጣሁ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ስለሆኑ እስከ ዛሬ «የኔታ» እላቸዋለሁ። ዳዊቱ በማኅደሩ ሆኖ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሐሳቤን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣

«እዚያ ማን ይደግመዋል?» አሉኝ።

«አይደገምም፣ የኔታ። ይጠበቃል። እዚህ ጣሪያው ያፈሳል፤ ዳሩንም አይጥ በልቶታል።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። የማን ቃል ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ዳባት ስረግማቸው የመጣኋቸው ሰዎች ቃል አይደለምን? የኔታ መጽሐፉን አወረዱና የመጨረሻውን ቅጠል አስነበቡኝ። ጸሐፊው እንደ ብዙዎቹ የብራና ጸሐፊዎች፣ የሰረቀውንም የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን አውግዟል።

«ዘመድ ከሆነ ይማራል ይላል?»

«አይልም፣ የኔታ።»

«የመቅደላዎቹንስ መጻሕፍት መቅደላ ያደረሳቸው ማን ነው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈው ከተማዋን ያቃጠሉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እንግሊዝ የወሰደው እኛው ከእኛው የወሰድነውን ጭምር ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ ይፍረደኝ። የሌላውን ንብረት የያዘ ሁሉ ሦስት መከራከሪያ አለው፦ ገዝቼዋለሁ፣ ጠብቄዋለሁ፣ ብዙ ዘመን ቆይቶብኛል። ግዢው ደካማ ነው፤ ሻጩ የራሱ ያላደረገውን ገዢው የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ጥበቃው ከበድ ይላል። የሰው ከብት የጠበቀ እረኛ ምስጋናም ደመወዝም ይገባዋል፤ ከብቱ ግን የእሱ አይሆንም። የዘመኑ ጉዳይ ከሁሉም ያስቸግራል። የብር መጽሐፍ ቅዱስ ይመለስ ቢባል ለማን ይመለሳል? ፕራግም ያገኘችው ከጀርመን ገዳም ነው፤ ያነብቡት የነበሩት ጎታውያንም ዛሬ የሉም። የእኛ ዳዊት ግን ማለዳ ማለዳ የሚደግመው ሰው አለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዕቃው የሚያገለግለው ሕዝብ በሕይወት እስካለ ድረስ አደራው አልሞተም። መመለስም እንደሚቻል ታይቷል፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጠይቀው እንግሊዞች አንድ ክብረ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1872 መልሰዋል።

ይሁንና ይህ ክርክር ወደ እኛም ይዞራል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ተረት ባለአደራውን ብቻ የሚመለከት ይመስለን ነበር። ባለቤቱ ራሱ ግን ካለፉት ተቀብሎ ለሚመጡት የሚያስረክብ ባለአደራ አይደለምን? የኔ ነው እያለ ጣሪያ ሲያፈስበት ዝም የሚል ሰው፣ ከወሳጁ የሚለየው ባለመንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ያን ጣሪያ አሥር ዓመት አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ቆርቆሮ ልግዛ አላልኩም፤ መጽሐፉን ልውሰድ ለማለት ግን ፈጠንኩ።

በማግስቱ ለካፖርት የያዝኩትን ገንዘብ ይዤ ዳባት ገበያ ወረድኩ። ቆርቆሮና ሚስማር፣ አይጥ የማይገባበት ግጥም ያለ ሣጥንም ገዛሁ። ካፖርቱን ከወዳጅ እለምናለሁ።

ወደ ኡፕሳላ ይዤ የምሄደው አንድ ጋቢ፣ ቡናና የእህቴን በርበሬ ነው። እዚያ ስደርስ በብር መጽሐፍ ቅዱስ ፊት እቆማለሁ። ኦስካር ሌፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ካታሎግ የተመዘገቡትን የግዕዝ ብራናዎችም አሳዩኝ እላለሁ። ፈራጅ ሆኜ ለመቆም ግን ድፍረቱ የለኝም። የኔታ የጠየቁኝን ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «እዚህ ማን ይደግመዋል?» መልሰው «እናንተስ ምን እየጠበቃችሁ ነው?» ቢሉኝ፣ ቢያንስ ስለ አንድ ጣሪያ የምመልሰው አለኝ። ስለ ቀሩት ግን ምን እላለሁ?