ከክፉ ሥራ በተገኘ መልካም ነገር መጠቀም ይገባልን?

ለሰው የሚጠቅም ነገር ሁሉ ከንጹሕ ምንጭ አይቀዳም። ሕይወትን የሚያድን መድኃኒት ከሌላ ሕይወት መጥፋት ጋር ተያይዞ ሲገኝ የክርስቲያን ሕሊና ምን ይበል? ይህ ጥያቄ ለሩቅ ሀገር ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.184 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ጥያቄው የእኛም ሆኗል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ዲ ኤን ኤ የፍጡራን የዘር ባሕርይ የተጻፈበት ረቂቅ ክር ነው፤ በራሱ ኃይል ግን ወደ ሕዋስ ዘልቆ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ፍራንክ ግራሃም እና አሌክስ ፋን ደር ኤብ የተባሉ ተመራማሪዎች በሆላንድ ሀገር፣ በላይደን ከተማ ሠርተው አንድ ዘዴ አሳተሙ። ዲ ኤን ኤው ከካልሲየም ክሎራይድ ጋር ተቀላቅሎ ፎስፌት ባለበት ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲገባ ደቃቅ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩም በሳህን ላይ በሚያድጉት ሕዋሳት ላይ ያርፋል፤ ሕዋሳቱም ይውጡታል። ካልሲየም ፎስፌት የአጥንታችን ማዕድን ነውና በዘዴው በራሱ ነውር የለበትም። እንዲያውም ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ዲ ኤን ኤ በማስገባት ለደም ማነስ የሚሰጥ መድኃኒት ተገኝቷል፤ በዚህም ማንም ሕሊናው አይወቀስም።

ጥያቄው የሚነሣው ከሕዋሱ ምንጭ ነው። ግራሃም በዚሁ ዘዴ የአዴኖ ቫይረስን ዲ ኤን ኤ ከሰው ፅንስ ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ አስገባ። በ293ኛው ሙከራ ስለ ተሳካለት የሕዋሱ ዘር ኤች ኢ ኬ 293 ተባለ። እነዚህ ሕዋሳት እየተባዙ እስከ ዛሬ አሉ፤ የአስትራዜኔካ ክትባትም የተመረተው በእነርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን በውርጃ ከጠፋ ፅንስ እንደ መጡ ቆጥራ መርምራቸዋለች።

በምሳሌ እንናገር። አንድ ሰው በሰረቀው በሬ ቢያርስ፣ ጤፉም ደብረ ማርቆስ ገበያ ቢወጣ፣ ሌባውን የላከ ወይም ሥራውን ያጸደቀ ሁሉ የኃጢአቱ ተካፋይ ነው። ሌላ እህል አጥታ ለተራቡ ልጆቿ ከዚያ ጤፍ የሸመተች እናት ግን ስርቆቱን አልወደደችም፤ አልረዳችምም። ነገር ግን ንጹሕ እህል በአጠገቧ ሳለ ዘወትር የሌባውን ገበያ ብታደራ ፍርዱ ይለወጣል። ምሳሌው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በሬ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ የተቀጠፈ ሕይወት ግን አይመለስም።

የቅድስት መንበር የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ያወጣው ማብራሪያ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲታተም ፈቅደዋል። ነቀፋ የሌለበት ሌላ ክትባት በማይገኝበት ጊዜ ይህን መከተብ የተፈቀደ ነው፤ የተከታቢው ተባባሪነት እጅግ የራቀ ነውና። ይህ ማለት ግን ውርጃን ማጽደቅ አይደለም። ክትባቱም በፈቃድ እንጂ በግዴታ መሆን የለበትም፤ በሕሊናው ምክንያት የማይቀበል ሰው ግን በሌላ ጥንቃቄ ደካሞችን ከበሽታ የመጠበቅ ዕዳ አለበት። መድኃኒት አምራቾችና መንግሥታትም ነቀፋ የሌለበት፣ ለድሆች አገሮችም የሚደርስ ክትባት እንዲያዘጋጁ ይጠየቃሉ።

አምራቹ ያን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ከአውሮፓ ገበያ አስወጥቶታል፤ ጥያቄው ግን አላለፈም። በእነዚሁ ሕዋሳት ለዘር ወለድ ሕመሞች የሚሆኑ አዳዲስ መድኃኒቶች ይመረታሉና ነገ ደግሞ ልጇ የታመመባት እናት ትጠይቀናለች።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከሁለት ስሕተቶች ተጠበቁ። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ስለ ጠቀመ ምንጩ ምንም አይደለም ማለት ነው፤ ጥቅም በደልን አያጥብምና። ሁለተኛው፣ በጭንቅ የተቀበለውን ወንድም እንደ ነፍሰ ገዳይ መቍጠር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ዕውቀት ያለው ሰው የደካማውን ሕሊና እንዳያቆስል አስጠንቅቋል። እኛም የሚቀበለውን ሳንኰንን፣ የማይቀበለውን ሳንንቅ፣ ስሙ ያልተጠራውን ያን ሕፃን በጸሎታችን እናስብ፤ በየመንደራችንም በጭንቀት ላይ ያለችውን ነፍሰ ጡር እንደግፍ። ለሕይወት የምንሰጠው ምስክርነት በቃል ብቻ ከቀረ ከንቱ ነው።